ከክሩ ሥር

ስታዲየም ጀርባ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው የምሠራበት፣
በጠባቧ መስኮት ጫማ እንጂ ፊት የማይታይበት።
ማሽኑ ሲነሣ ግድግዳው ያስላል፤
ቀለም ሲያልቅበት ቀዩ ቀድሞ ይገረጣል፤
ደንበኛው ወርዶ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ «ለነገ» ይላል።

«ስሜን በወርቅ ቀለም፣ ደመቅ አድርገውማ፤
ከጀርባ ሉል ይኑር፣ ከጎን ፎቅና ማማ፤
ሦስት ስልክ፣ ሁለት ኢሜይል… ፋክስ ባይኖረኝም ፋክስም ጨምርማ።»

እጨምራለሁ። ለነገ ነው።
እኔ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ነው፤
ሠራተኛ አትሜ አላውቅም፤ የት ነው ያለው?

አንድ ማክሰኞ ግን ሉባባ ገባች፤
ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣
መርፌ የተሰካበት ስፖንጅ ክንዷ ላይ አስራ፣
«ካርድ ነበር» አለች።

«ማዕረግዎ?» «የለኝም።» «ድርጅትዎስ?» «ሲንጀርና ወንበር።»
«ሥራዎስ?» ስላት ጣቷን ይዛ ጀመረች መቁጠር፦
«ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣
የወፈረ ሲመጣ ጎኑን አሰፋለሁ፤
የከሳም ሲመጣ፣ ምን ሆነህ አልልም፣ ዝም ብዬ አጠባለሁ።»

«አድራሻስ?» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አለቀ።
«ፒያሳ የነበርኩበት በረንዳ በመጋቢት ወደቀ፤
ለገሐር ዞርኩኝ፤ እዚያም ግንቡ ላይ ቀይ ቀለም ደረቀ፤
አሁን ሜክሲኮ ነኝ፣ ከደረጃ ሥር፤ የከርሞን ማን አወቀ?
ስልኬን ብቻ ጻፈው።
እሱን የሚያፈርስ የለም።»

ሦስት ቀን ታገልኩ። መቀስ ሣልኩ፣ ጠላሁት፤
ሲንጀሯን ሣልኩና የሙዚየም ዕቃ ሲመስለኝ ሰረዝኩት፤
ስሟን በአበባ ፊደል ብጽፈው የሠርግ ጥሪ ሆነ፣ ቀደድኩት።

በአራተኛው ቀን የሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ፣
ሆዴ ላይ ያለው፣ ከምሳ በኋላ ሁሌ የሚያማርረው፤
ከመሳቢያ ክር አወጣሁ፤ እንዳይወሳሰብ ብዬ
በተበላሸ ካርድ ላይ ጠመጠምኩት፤
ጠመጠምኩ፣
ጠመጠምኩ፣
የሰውየው ስም ጠፋ፤ ሥራ አስኪያጅነቱም ጠፋ፤
ስልኩም።

እዚያው ቆምኩ።

ነጭ ካርድ፤ ግራ ቀኙ እንደ መጋዝ የተነከሰ፤
ከላይ «ሉባባ»፤ ማዕረግ የለ፣ ሉል የለ፤
መሃል ላይ ስልኳ፤ ስልኳን የሸፈነው ሦስት ሜትር ጥቁር ክር፤
አንድ መርፌ በክሩ መሃል ተሸጉጦ፤
ከጀርባ፦ «እስከዚያው ራስዎ ይስፉ። ክሩ ሲያልቅ እኔ አለሁ።»

አለቃዬ ይልቃል መነጽሩን አወለቀ፤
«ስልኩን ሸሽገህ ማን ሊደውል? ማስታወቂያ መቼ ተደበቀ?
ሰው የሚደብቀው ዕዳውን ነው!» ብሎ ሳቀ።

ሉባባ ግን አልሳቀች፣ አላመሰገነችም፤
ክሩን መዛ ወጠረችው፤ ጧ አለ። «በዚህማ አይሆንም፤
በስሜ የተሰፋ በሰው ፊት ሊተረተር? እኔ አልፈልግም።»
በማግስቱ የራሷን ክር ይዛ መጣች፤
ሁለት መቶውን ካርድ አብረን ስንጠመጥም አመሸን፤
መብራት ሲሄድ በስልክ መብራት፤
እኔ ጣቴን ሁለቴ ወጋሁ፤ እሷ አንዴም አልተወጋች።

ሰኔ አለፈ። ሐምሌ አለፈ። የደወለ የለም።
«ክሩን አበዛነው» አልኳት፣ እንደ ጥፋተኛ፣ ቀና ሳልል።
«አይ» አለች፣ «ሰዉ እየሰፋ ነው፤ አትቸኩል።»

ጥቅምት ላይ፣ በጠዋት ብርድ፣ ከደረጃዋ ሥር ቆሜ ሱሪዬን ስጠብቅ፣
ስልኳ ጮኸ። ድምፁ እኔም ጋ ይሰማል፤
ጤና ይስጥልኝ አላለም፣ ስሙንም አልተናገረም፤
«ክሩ አለቀ» አለ።

ሉባባ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣች፤ የት እንዳለች ነገረችው፤
ዘጋች። ሱሪዬን ወረወረችልኝና፣
«ለሚቀጥለው» አለች፣ «አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል።»